ጥምቀትን ኢራንቡቲ፣ ሃይሩፍ ውስጥ እያደሩ፦ ከዝግጅት እስከ መመለሻ

ታኅሣሥ ሲጋመስ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። ጥያቄው በየዓመቱ አንድ ነው፦ «ዘንድሮም ምንጃር ትወርዳላችሁ? ልጆቹን የት ነው የምታስተኟቸው? ሽንት ቤትስ?» ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈውና የጠየቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ።

ለማያውቅ፣ ኢራንቡቲ ሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ ውስጥ ናት። ለጥምቀት 44 ታቦታት ወርደው አንድ ባሕረ ጥምቀት ላይ ያድራሉ። ከ44 ደብር የሚወጣውን ምእመን ከሩቅ ከሚመጣው እንግዳ ጋር ደምሩትና የወረዳዋ ከተማ አረርቲ ስንት አልጋ ሊኖራት እንደሚችል አስቡት። ምርጫው ድንኳን መትከል፣ ጋቢ ተከናንቦ ሜዳ ላይ ማደር፣ ወይም መኪና ውስጥ መተኛት ነው። እኛ መኪናውን መርጠናል። ፈረንጅ ሞተርሆም የሚለው፣ አልጋውም ኩሽናውም ሽንት ቤቱም ውስጡ የሆነ መኪና የለንም፤ ያለን ወንበሩ የተነሣለት ሃይሩፍ ነው። አምስት ሰው ሦስት ሌሊት ያድርበታል። ዶልፊን ወይም አባዱላ ያለው ሰው በመኪናው ልክ ያሳንሰው።

ልጆች ካሏችሁ «ባሕር» የሚለውን ነገር ቀድማችሁ አስረዷቸው። ትንሿ ልጄ መጀመሪያ የወሰድናት ዓመት የዋና ልብሷን ቦርሳዋ ሥር ደብቃ ነበር። ባሕረ ጥምቀት፣ ባሕረ ጥምቀት ስንል ከርመን መርከብ ጭምር ጠብቃለች። ውኃው ተባርኮ የሚረጭ ነው፤ አይዋኝበትም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለመኪናው፦
- ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ያላለፈ ቦሎና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ
- ስኮርታ ጎማ (ነፋስ ያለው!)፣ ክሪክ፣ የጎማ ቁልፍ
- አራት የእንጨት ታኮ
- የመጎተቻ ገመድና የባትሪ ገመድ
- ለራዲያተር የሚሆን 5 ሊትር ውኃ፣ ለብቻው
- አካፋ
- የእሳት ማጥፊያ

ለመኝታ፦
- ስፖንጅ ፍራሽ፣ ለሰው አንድ ጋቢና አንድ ብርድ ልብስ
- የመስኮት መጋረጃ (አሮጌ ነጠላም ይሆናል) ከመቆንጠጫ ጋር
- ለጥላ የሚወጠር ሸራ፣ ገመድ፣ ሁለት ረጅም እንጨት

ለኑሮ፦
- 20 ሊትር የሚይዙ አምስት ጀሪካኖች
- ትንሽ ቡታጋዝ፣ አንድ ድስት፣ ጀበና፣ ክብሪት
- ክዳን ያለው ባልዲ፣ አንድ ፌስታል የተነፋ አመድ፣ ሶፍት፣ ሳሙና
- ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ለቆሻሻ
- የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ
- ጥሬ ብር፣ በትንንሹ የተመነዘረ
- ቡና፣ ስኳር፣ አንድ ድፎ ዳቦ በትርፍ (ለምን እንደሆነ ደረጃ 6 ላይ ታያላችሁ)

1. ቀኑን ቁረጡ

ከተራ ጥር 10፣ ጥምቀት ጥር 11፣ ቃና ዘገሊላ ጥር 12 ነው። እናንተ ግን መድረስ ያለባችሁ ጥር 9 ከቀትር በፊት ነው። ጥር 10 ታቦታቱ መንገድ ላይ ናቸው፤ አንዱን መንገድ ታቦት ከያዘው ያ መንገድ የመኪና መሆኑ አብቅቷል። ጠዋት ተነሥቼ ለከተራ እደርሳለሁ ያለ ሰው የሰው ባሕር መሐል ሞተር አጥፍቶ ሲጠብቅ ይውላል። ከሩቅ የሚመጡት ታቦታት ደግሞ ቀደም ብለው ስለሚነሡ «ገና ነው» እያላችሁ አትዘናጉ።

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ንገሩት። ጥምቀት በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ይውላል፤ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግሥት በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ግን ጃንዋሪ 20 ነው። በአንድ ቀን ስሕተት ከተራ ያመለጠው የአጎት ልጅ አለኝ።

2. መኪናዋን ከሳምንት በፊት አሳዩ

ዘይትና ፍሬን ማየት የማንም ልማድ ነው። ለዚህ ጉዞ ለይታችሁ የምታሳዩት ሦስት ነገር አለ። አንደኛ ራዲያተርና ቺንጋ። ሕዝብ መሐል በአንደኛ ማርሽ ስትንፏቀቁ ሞተሩ ነፋስ አያገኝም፤ ሙቀቱ ይወጣል። ሁለተኛ ባትሪ። ሦስት ቀን ቆማ፣ መብራት እየበላት፣ በአራተኛው ቀን እንድትነሣ ነው የምትፈልጉት። ሦስተኛ ማርሚታ። ቀዳዳ ካለው ጭሱ ወለሉን አልፎ ውስጥ ይገባል፤ በምትተኙበት መኪና ውስጥ ይህ የሞት ጉዳይ ነው።

ነዳጅ ሞጆ ላይ ሙሉ አድርጉ። ከዚያ ወዲያ «እዚያ እቀዳለሁ» የሚል ዕቅድ አትያዙ። በጀሪካን ነዳጅ ይዞ ከሚተኛ ሰው ጋር እኔ አንድ ሜዳ ላይ አላድርም፤ ሽታው ብቻ ያሳምማል፣ አጠገቡ ደግሞ ቡታጋዝ አለ።

መኪናውን ከነሾፌሩ የምትከራዩ ከሆነ ሾፌሩ የት እንደሚተኛ ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ብዙ ቤተሰብ ይህን ይረሳና ሾፌሩ ሦስት ሌሊት መሪው ላይ ተደፍቶ ያድራል። ሲመልሳችሁ የሚነዳው እሱ ነው።

3. መኝታውን ሥሩ

የኋላ ወንበሮችን ብሎናቸውን ፈታችሁ አውጡ። ብሎኖቹን በአንድ ጣሳ ሰብስባችሁ ጣሳውን ከወንበሩ ጋር እሰሩት፤ ከጥምቀት በኋላ አንድ ብሎን ፍለጋ ጋራዥ ለጋራዥ መዞር የማይረሳ ቅጣት ነው። ቦሎ ሊታደስ ሲል ወንበሮቹ ቦታቸው መመለስ አለባቸው፤ በሊብሬው ላይ የተጻፈው የመቀመጫ ቁጥርና መኪናው መስማማት አለባቸው።

ሁሉንም ግን አታውጡ። አምስት ሰው የሚሄድ ከሆነ አምስት መቀመጫ ይቅር። ሰው ፍራሽ ላይ ተጋድሞ አይጓዝም። ድንገት ፍሬን ሲያዝ የተኛ ሰው እንደ ጆንያ ነው የሚወረወረው።

በወጣው ወንበር ቦታ ከጣውላ አራት እግር አቁማችሁ ኮምፔንሳቶ አልብሱበት። ቁመቱን በሜትር ሳይሆን በጀሪካናችሁ ለኩት፤ ጀሪካን ሥሩ የማይገባበት መኝታ ከተሠራ ውኃው የት ሊቀመጥ ነው? ከላይ ፍራሹን አንጥፉ። እናቴና ልጆቹ ላይ ይተኛሉ፤ እኔና ባለቤቴ ከፊት ባሉት ወንበሮች እንታጠፋለን። ምቾት አለው ብዬ አልዋሻችሁም።

መጋረጃውን ቤት እያላችሁ ለኩ። ሌሊቱን ሙሉ መብራትና ሰው አለ፤ ያለ መጋረጃ ልጅ አይተኛም፣ ሴት ልብስ አትቀይርም።

4. ውኃና ምግብ

ውኃውን በግምት አትጫኑ፤ አስሉት። ለመጠጥና ለማብሰያ ለሰው በቀን 4 ሊትር ብትይዙ ለአምስት ሰው 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ነው። ሦስት ሌሊት ማለት ከመድረሻው ቀን እስከ መመለሻው አራት ቀን ነው፤ አራት ጀሪካን። አምስተኛው ለመታጠቢያ። ክብደቱ 100 ኪሎ ይመጣል፣ አንድ ወፍራም ሰው መጫን ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅ ብሎ፣ ከፊት ወንበር ጀርባ ተጠግቶ፣ በገመድ ይታሰር። ከኋላ በር ላይ ከከመራችሁት ፊቷ ይነሣና መሪው ይቀልላችኋል። መንገድ ላይ የምትቀዱትን ውኃ ደግሞ አፍሉት ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት።

ምግቡ ላይ ጾሙን አስሉ። ጥር 10 ገሃድ ነው፤ ይጾማል። በዚያ ቀን ሥጋና ቅቤ ያሸተተ ድስት ከመኪናችሁ ቢወጣ ሜዳው ሁሉ ዞሮ ያያችኋል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሱፍ ፍትፍት፣ የጾም ሽሮ ይበቃል። ጭኮ ቅቤ ስላለበት ለ11 ይቆይ። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ይበላል። ቃና ዘገሊላ ግን ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ይጾማል፤ የሥጋውን ነገር በ11 ጨርሱ። ማቀዝቀዣ ስለሌለ ጥሬ ሥጋ ወይም ወጥ ይዞ መሄድ ሆድ ማሳመም ነው፤ ቋንጣ ያዙና ፍርፍር ሥሩ። እንጀራ ሦስተኛው ቀን ላይ ስለሚሻግት ለመጨረሻው ቀን ድርቆሽ አድርጉት።

5. መንገዱ

ከመነሣታችሁ አንድ ቀን በፊት እዚያው አካባቢ ላለ ሰው ደውላችሁ ስለ መንገዱ ጠይቁ፦ ክፍት ነው ወይ፣ ሰላም ነው ወይ፣ ሰዓት እላፊ አለ ወይ። ጠዋት ስትነሡም ድገሙት። መልሱ «ቆዩ» ከሆነ ቆዩ። ጥምቀት እኛ የምንነሣባት ደብረ ብርሃንም አለ።

ካርታ ላይ ከደብረ ብርሃን ምንጃር ቅርብ ይመስላል። መካከል የከሰም ሸለቆ መኖሩን ግን ስልኩ አያስረዳችሁም። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው ዙሪያውን ነው፦ 130 ኪሎ ሜትር ነድቶ አዲስ አበባ፣ ከዚያ በፍጥነት መንገዱ ሞጆ፣ ከሞጆ በእጀሬ አረርቲ። ልጅና ሽማግሌ ይዞ፣ ጀሪካንና ፍራሽ ጭኖ አቋራጭ አይፈለግም። አረርቲ ስትደርሱ ዘንድሮ መኪና የሚገባው በየት እንደሆነ ትራፊክ ፖሊስ ወይም ባጃጅ ነጂ ጠይቁ። አምና የገባችሁበት ዘንድሮ ለእግረኛ ብቻ ተደርጎ ሊሆን ይችላል።

በጨለማ አትንዱ። በዚህ ሰሞን መንገዱ ላይ በእግሩ የሚሄደው ሰው፣ አህያው፣ በሆታ አስፋልት መሐል የሚጨፍረው ወጣት ብዙ ነው፤ የፊት መብራት ሳያየው የሚደረስበት ነጭ ለባሽ እንኳ አለ።

6. ማቆሚያውን ምረጡና አስፈቅዱ

ጠቅላላ ጉዞው የሚያምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ።

መጀመሪያ መሬቱን አንብቡ። ጥር ላይ የምንጃር ጤፍ ታጭዷል፤ የቀረው ቃርሚያና ገለባ ነው። ደረቅ ገለባ ላይ ከሩቅ የመጣ መኪና ማቆም እሳት መጫር ነው። ማርሚታው እንደ ምጣድ ግሏልና ከሥሩ ያለው ገለባ ሊቀጣጠል ይችላል። ባዶ መሬት ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሥሩን በአካፋ ጥረጉት። ጥቁር አፈር (መረሬ) ሲደርቅ እንደ አስፋልት ይጠነክራል፤ ያልታሰበ ካፊያ ከመጣ ግን ጎማውን ይይዘዋል። ስለዚህ የመኪናዋ ፊት ወደ መውጫው ይሁን፣ ከጠጠር መንገዱም አትራቁ።

ቀጥሎ አውድማን ለዩ። ለከተማ ሰው ክብ፣ ለጥ ያለ፣ የተጠረገ መሬት እግዜር ያዘጋጀለት ማቆሚያ ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። መጀመሪያው ዓመት ላይ ሃይሩፏን መሐሉ ላይ አቁሜ ታኮ ሳደርግ አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው መጡ። አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው ጎማው የፈነቀለውን ልስን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይህ በእበት የተለቀለቀ ነው። እህል ነው የሚተኛበት።»

«ይቅርታ አባባ፣ አላወቅኩም።»

«አየሁህ፤ ብታውቅማ ጫማህን አውልቀህ ትገባ ነበር።»

መኪናዋን አውጥቼ ልስኑን ልክፈል ስል ሳቁብኝና ግቢያቸው አጠገብ ያለ ጥግ አሳዩኝ። እስከ ዛሬ እዚያው ነው የምናድረው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መኪናዋን መንገድ ላይ አቁሙ፤ በእግራችሁ ወደ ግቢው ሂዱ፤ አጥር ውጭ ቆማችሁ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ!» በሉ። የሚወጡት እናት ከሆኑ «እማማ፣ እንግዶች ነን፣ ለጥምቀት ነው የመጣነው፣ ሦስት ሌሊት መኪናችንን እዚህ ጥግ ብናሳድር ይፈቅዱልናል?» ማለት ይበቃል። ልጆቹና ሴቶቹ አብረው ቢታዩ መልሱ ይቀላል። «ስንት ነው ሒሳቡ?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ ቤት ለእንግዳ የሚል ሰው ይቀየማል። ቡናው፣ ስኳሩና ድፎው የተያዘው ለዚህ ነው። ዋጋ ራሳቸው ከጠሩ ደግሞ ቅር አይበላችሁ፤ ያው ስንት ሌሊት እንደሆነ አስረግጣችሁ ተስማሙ። የተዘጋጀ ማቆሚያ ውስጥ ከገባችሁ ካርኒ ተቀበሉ፤ ያለ ካርኒ የከፈለ ሰው ማታ ሌላ ተረኛ ሲመጣ ድጋሚ ይከፍላል።

ባሕረ ጥምቀቱ ሥር ቦታ ብታገኙ እንኳ አትግቡ። ድምፅ ማጉያው ሌሊቱን አያቋርጥም፤ ሕዝቡ ሲሞላም እስከ በዓሉ ማብቂያ አትወጡም። አሥራ አምስት ደቂቃ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ጥሩ ነው።

7. ስፈሩ

መኪናዋ ደልደል ማለቷን ለማየት ውኃ ግማሽ የያዘ ሃይላንድ ወለሉ ላይ አጋድሙ፤ ውኃው ወዴት እንደሚሸሽ እዩና ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ጣውላ አስገቡ። ካልተስተካከለ ሌሊቱን ሁሉ አንዱ ሌላው ላይ ይንከባለላል። ከዚያ የእጅ ፍሬን፣ ከዚያ ታኮ።

ሸራውን በተንሸራታቹ በር በኩል ወጥሩ። የቀኑ ፀሐይ ቆርቆሮውን ምድጃ ያደርገዋልና ቀን ቀን ኑሯችሁ ሸራው ሥር ነው። ቡታጋዙ ከሸራው ጫፍ ወጣ ብሎ፣ ከነፋስ ተከልሎ፣ ዙሪያው ከገለባ ጸድቶ ይቀመጥ።

ሽንት ቤት፦ የባለቤቶቹን ለመጠቀም ጠይቁ፤ ከፈቀዱ ንጽሕናውን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ። ለሌሊት ክዳን ያለው ባልዲ ሥሩ አመድ ተነስንሶበት መኪናዋ ጀርባ በነጠላ ተከልሎ ይቀመጣል። ከእያንዳንዱ ጊዜ በኋላ አንድ ጭብጥ አመድ፤ ሽታውንም ዝንቡንም ይይዛል። ጠዋት የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋል። ሜዳ ላይ መውጣት አይታሰብም፤ ያ ሜዳ ማታ ሺህ ሰው ተንበርክኮ የሚጸልይበት ነው።

አሁን ምልክት። «ነጯ ሃይሩፍ፣ ባሕር ዛፉ ጋ» ብዬ የላክሁት ወንድሜ ሁለት ሰዓት ዞሯል፤ ነጭ ያልሆነ ሃይሩፍ ከየት ይመጣል? በማግሥቱ ዓመት ቢጫ ጀሪካን እንጨት ላይ ሰቀልኩ፤ ጎረቤቴም ሰቅሏል። አሁን የምሰቅለው የእናቴን አሮጌ ሰፌድ ነው። ከረጅሙ እንጨት ጫፍ ላይ ታስሮ ከሩቅ እንደ ጨረቃ ይታያል፣ እስካሁን ሁለተኛ አላየሁም። ልጆች «ሰፌዱ ጋ» ሲባሉ ያውቃሉ። በተጨማሪ በየልጁ ኪስ የሁለት ሰው ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይግባ። ሕዝቡ ሲበዛ ኔትወርክ ስለሚጨናነቅ በየስንት ሰዓቱ ሰፌዱ ሥር እንደምትገናኙ ተቀጣጠሩ። ቴሌብርም የሚያስቸግረው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጥሬ ብሩ ለዚህ ነው።

8. የከተራ ከሰዓት

መኪናውን ቆልፉ፣ አንድ ሰው ዕቃ ይጠብቅ፣ በየተራ ሂዱ። ፍተሻ ስላለ የኩሽና ቢላ ኪስ ውስጥ አይገኝ።

መኪናችሁ ታቦት በሚያልፍበት መንገድ ዳር ከሆነ ሞተር አጥፉ፣ ቴፑን ዝጉ፣ ወርዳችሁ ቁሙ። ምንጣፍ ያነጠፉ ወጣቶች ካሉ ምንጣፉን በጫማ አትርገጡ፣ በጎማማ ጨርሶ አይታሰብም። ታቦት ቀድማችሁ ለመታየት አትሽቀዳደሙ።

ጭፈራው የምንጃር ነው፤ እግራችሁ ዝም ብሎ አይቆምም። ልጅ ትከሻ ላይ ተሸክማችሁ መሐል አትግቡ እንጂ ጨፍሩ። አቧራው ጥርስ ውስጥ ይገባል፤ አስም ያለበት ሰው አፉን በነጠላ ይሸፍን፣ መድኃኒቱን ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እጁ ላይ ይያዝ።

9. ሌሊቱ

ማስጠንቀቂያ፦ ከሰል መኪና ውስጥ አይገባም። የነደደ፣ የከሰመ፣ «አመድ የለበሰ» ብትሉት አንድ ነው። ከሰል የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ አየሩን ሳይሆን ደሙን ነው የሚመርዘው፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። ቡታጋዝም አታንድዱ፤ ለማሞቂያ ብላችሁ ሞተር አስነሥታችሁ አትተኙ። ከእንቅልፉ ራሱን እያመመው፣ እያጥወለወለው፣ እያዞረው የነቃ ሰው ካለ «ድካም ነው» አትበሉ፤ ሁላችሁም ወዲያው ውጡ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

የምንጃር ሌሊት እንደ ደብረ ብርሃን ውርጭ አይደለም፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ይበቃል። ሁለት መስኮት በተቃራኒ ጎን ሁለት ሁለት ጣት ክፍት ይሁኑ። አምስት ሰው ሲተነፍስ ቆርቆሮው ያልበዋል፤ ካልከፈታችሁ ጠዋት ፍራሹ እርጥብ ነው።

የመኪናዋን መብራትና ቴፕ አጥፉ። አንድ ዓመት ልጆቹ መዝሙር ከፍተው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ልንመለስ ስንል ቁልፉ ጠቅ ከማለት በቀር መልስ አልሰጠም። የባትሪ ገመድ አልያዝኩም ነበር። ባለ ጥበብ ቀሚሶችና ባለ ነጭ ጃኖዎች ተሰልፈው ገፍተው በሁለተኛ ማርሽ አስነሡን፤ በጭሱ ልብሳቸው ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ማርሿ አውቶማቲክ ከሆነች ደግሞ ግፊቱም አይሠራም።

ማሕሌት መቆም የሚፈልግ አዋቂ ቀን ይተኛ፣ ሌሊት ይሂድ። ልጆቹን ንጋት ላይ ቀስቅሱ።

10. የጥምቀት ጠዋት

ወንጌሉ ተነቦ ውኃው ሲባረክ ሕዝቡ ወደ ውኃው ይገፋል፤ አደጋ የሚፈጠረው በዚያ ደቂቃ ነው። ልጅና ሽማግሌ የያዘ ሰው ከጫፍ ይቁም። ጸበሉ ይረጫል፣ ሩቅ ያለውም ይደርሰዋል። ስልክና ገንዘብ በፌስታል ጠቅልላችሁ ደረት ኪስ ውስጥ ክተቱ፤ ውኃውም አለ፣ ሌባውም አለ። ለቤት የምትወስዱት ጸበል በንጹሕ ሃይላንድ ይቀዳ፣ ከመጠጥ ውኃው ጋር እንዳይምታታ ላዩ ላይ ጻፉበት።

ለልጅ ቅያሪ ልብስ አትርሱ። ጠዋት ላይ የራሰ ልጅ ይንቀጠቀጣል።

11. ስትመለሱ

ጥር 11 ታቦታት ሲመለሱ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይነሣል። አትነሡ። የሚካኤል ታቦት የሚገባው በ12 ስለሆነ በዓሉም አላለቀም። 12 ጠዋት፣ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ሲቀል ሂዱ።

ማታ ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ ሰው ጠዋት መሪ አይያዝ። ባለቤቶቹ «አንድ ብቻ» ማለታቸው አይቀርም፤ የሚነዳው ማን እንደሆነ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ያከብሩታል።

ቆሻሻውን በማዳበሪያ ሰብስባችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ፌስታል ማሳ ላይ ከቀረ ከብት ይበላዋል፤ በሬው ሆዱ ተነፍቶ ይሞታል። የነበራችሁበትን ጥግ በአካፋ አስተካክሉ፣ ጎማ የፈነቀለው ካለ መልሱ። ሳትሰናበቱ አትውጡ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው

- ጥር 10 ከቀትር በኋላ መድረስ። አንደኛው ስሕተት ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመጣል።
- ስኮርታውን አለማየት። አለ ብላችሁ የምትተማመኑበት ጎማ ነፋስ ካጣ ዓመት ሆኖት ይሆናል።
- የጋለ ራዲያተር መክፈት። እንፋሎቱ ፊት ይልጣል። አጥፉት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፣ በጨርቅ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ ፍቱ።
- ልብስ ለፎቶ ብቻ መያዝ። ነጭ በነጭ ለብሶ ጎማ የሚቀይር ሰው አይታችኋል? አንድ አሮጌ ሱሪ ያዙ።
- ቡታጋዙን ቤት ሳይሞክሩት መውሰድ። ቱቦውን በሳሙና ውኃ ቀብታችሁ ክፈቱት፤ አረፋ ከተነፋ ያንጠባጥባልና ይቀየር።
- ሰው መደራረብ። አምስት የሚያስተኛ መኪና ላይ «አንድ ብቻ ይጨመር» ሲባል ስምንት ይሆናል። እኔ ዘንድሮ ሞልቻለሁ፤ ወንድሜ፣ ይህን የምታነበው አንተ ከሆንክ፣ የራስህን ሰፌድ ይዘህ ና።